ጫካ ውስጥ ቅጠል የሌለው፣ ቀይ ኳስ የመሰለ አበባ አየሁ። ምንድነው?

ዛጎል | ሚያዝያ 14

ሰላም ለሁላችሁ። አበባ ላይ እውቀት የለኝም፣ ጽጌረዳና አደይ ከለየሁ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ልጠይቃችሁ።

ለፋሲካ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር፣ የእናቴ ቤተሰቦች ጋ። የአጎቴ ሙዝ ማሳ የሚያበቃበት ላይ ትንሽ ወንዝ አለ፣ ወንዙን ተከትሎ ደግሞ ትልልቅ ሾላዎች ያሉበት ጫካ። ዝናቡ ከገባ አስር ቀን ቢሆነው ነው። መሬቱ ገና በደረቀ ቅጠል እንደተሸፈነ ነው፣ አረንጓዴ ነገር እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። በዚያ ሁሉ ቡናማ መሃል አንድ ወፍራም አገዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ የልጆች ኳስ የሚያህል ቀይ ነገር ተሸክሞ። መጀመሪያ ሰው የጣለው ጌጥ መስሎኝ ነበር።

ቀረብ ብዬ ሳየው ኳሱ አንድ አበባ አይደለም። ብዙ ትንንሽ አበቦች ከአንድ ቦታ ወጥተው በሁሉም አቅጣጫ ተዘርግተው ነው ኳስ የሆኑት። ከእያንዳንዱ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ጫፉ ላይ ቢጫ ዱቄት አለው። አገዳው ከታች ወደ መሬቱ አካባቢ ነጠብጣብ አለው፣ ልክ እንደ ነብር። ቅጠል ግን የለውም። ምንም። ሽታም አልሸተተኝም፣ አፍንጫዬ ግን ጉንፋን ይዞት ስለነበር እሱን አትቁጠሩት።

አስራ አንድ ቆጠርኩ። ሁሉም ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱ ኩይሳ ሥር፣ ሌሎቹ ቁጥቋጦ ተጠግተው። ሙዙ ውስጥም ሆነ ፀሐይ የሚመታው ሜዳ ላይ አንድም የለም።

ስሙ ማን ይባላል? ሌላስ የት ይበቅላል? አንዱን ነቅዬ አዲስ አበባ በረንዳዬ ላይ ብተክለው ይጸድቃል? ልነቅል ስል የአጎቴ ልጅ «አትንኪው» አለኝ፣ ለምን ስለው ግን መልስ የለውም፣ እሱም ሲባል ነው የሰማው። ፎቶ የለኝም፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ (ባትሪው) ነበር፣ አትውቀሱኝ።

ቀበሮ_ሜዳ | ሚያዝያ 14

ኮርች ነው። በጋ ላይ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ብቻ ይሆናል። የኛ ሰፈር አጥር ሁሉ እሱ ነው።

ዛጎል | ሚያዝያ 14

ኮርች ዛፍ ነው እኮ! የኔው ከጉልበቴ በላይ አይደርስም።

ቀበሮ_ሜዳ | ሚያዝያ 14

እሺ፣ ሳላነብ ነው የመለስኩት። ተሸንፌያለሁ።

አልማዝ_ቀለበት | ሚያዝያ 14

ግሎሪዮሳ ይሆን እንዴ? እሱም ቀይ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ክሮቹም ወደ ውጭ ተዘርግተው ነው። አንድ ጊዜ ወደ ጂንካ ስንሄድ መንገድ ዳር አይቼዋለሁ፣ በጣም ያምራል።

የጫካ_ዘበኛ | ሚያዝያ 15

ልጄ ዛጎል፣ ደህና አድርገሽ ነው የገለጽሽው። ፎቶ ልከው «ይህ ምንድነው» ብቻ ከሚሉት ይሻላል። እኔ 27 ዓመት ደን ውስጥ ነው የሠራሁት፣ አብዛኛውን ደቡብ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በዚህ ወር ጫካ የገባ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ አይወጣም።

ግሎሪዮሳ አይደለም፣ አልማዝ ይቅርታ። ግሎሪዮሳ ሐረግ ነው፣ የቅጠሉ ጫፍ ተጠምዝዞ ሌላ ተክል ላይ ይንጠለጠላል፣ አበቦቹም አንድ በአንድ ተራርቀው ነው የሚወጡት፣ ቅርፊታቸው ወደ ኋላ የተቀለበሰ። ኳስ አይሠራም። ቅጠል የሌለው አገዳ፣ ከታች ነጠብጣብ፣ ከላይ ቀይ ኳስ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ማግስት፣ ጥላ ውስጥ። ይህ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው። መልቲፍሎረስ «ባለ ብዙ አበባ» ማለት ነው፣ አንዱ ኳስ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ አበቦች ሊኖሩ ይችላሉ። ትንሽ ትዕግሥት ኖሮሽ ብትቆጥሪ እያንዳንዷ ስድስት ቀጫጭን ቅርፊትና ስድስት ክር አላት።

የቆየ መጽሐፍ ላይ ከፈለግሽው ሄማንተስ በሚል ስም ነው የምታገኚው፣ በግሪክኛ የደም አበባ ማለት ነው። በ1795 በአውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ሲመዘገብ እዚያ ውስጥ ነበር የገባው። በኋላ በ1976 ፍሪስና ኖርዳል የሚባሉ ሁለት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። ሄማንተስ የሚባሉት ደቡባዊ አፍሪካ ብቻ ያሉ፣ ቅጠላቸው ወፍራምና ሥጋማ የሆነ ናቸው። የኛው ቅጠሉ ስስ ነው፣ መሃሉ ላይ ግልጽ ሰምበር አለው። የአበባ ነጋዴዎች ግን እስካሁን በድሮው ስሙ ነው የሚሸጡት።

«ቅጠል የለውም» ያልሽው አለው። ገና አልወጣም እንጂ። ከመሬቱ በታች የሽንኩርት ራስ የመሰለ ነገር አለ። በጋውን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ እሳት ጫካውን ቢልሰው አይነካውም። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው አምና ባጠራቀመው ስንቅ አበባውን ቀድሞ ይልካል። ቅጠሉ አብሮ ወይም ተከትሎ ይመጣል። አሁን ተመልሰሽ ብትሄጂ ኳሱ ጠውልጎ ሰፋፊ ቅጠሎች ታገኛለሽ፣ እና ያው ተክል አይመስልሽም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አበባውንና ቅጠሉን ሁለት የተለያየ ነገር ያደርጋቸዋል።

ለምን ይቸኩላል ብትይ፣ ነገሩ የብርሃን ጉዳይ ነው። ብርድ አገር ያሉ ጫካዎች ውስጥ አበቦች በረዶው ሲቀልጥ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ በምትደርስባት አጭር ጊዜ ነው ተሽቀዳድመው የሚፈነዱት። እኛ ጋ ብርድ ሳይሆን ድርቅ ነው ዛፉን ቅጠል የሚያስጥለው። ግራር ያለበት ደረቅ ጫካ በየካቲት ገላጣ ነው፣ በግንቦት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ይሆንና ወለሉ ይጨልማል። በመሃል ያለችው ጊዜ የሱ ናት። በዚያ ላይ ወለሉ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ስላላደገ ቀዩ ኳስ ከሩቅ ይታያል፣ ቢራቢሮውም አንቺም አትስቱትም። የወንዝ ዳር ጫካ እንዳንቺው ያለው ግን ሾላው ብዙ ቅጠል ስለማያራግፍ ሁሌም ጥላ ነው፣ እዚያም ይኖራል፣ ጥላ ይችላል።

የት ይበቅላል ላልሽው ከሰሃራ በታች ሰፊው አፍሪካ ላይ አለ፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ታች እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም ዓረብ ምድር ላይ። ግን «አፍሪካ ላይ አለ» ማለት ለፈላጊ አይጠቅምም። ስትፈልጊው እንዲህ ፈልጊ። የወንዝ ዳር ጫካ። ቁጥቋጦ የበዛበት ደረቅ ጫካ፣ በተለይ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ከቋጥኝ ሥር። እና ኩይሳ። ኩይሳ ሥር ያየሽው በአጋጣሚ አይደለም። ምስጥ የገለበጠው አፈር ለም ነው፣ ከፍ ስለሚል ውሃ አይተኛበትም፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ኩይሳ ላይ ማረሻም አይደርስም። ለዚህ ነው ጫካው ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ እንኳን ማሳ መሃል ባለ ኩይሳ ላይ ብቻውን ቆሞ የምታገኚው።

ዘመዶችም አሉት። ዝርያው በጠቅላላ ዘጠኝ ብቻ ነው። ከነሱ አንዱ፣ ስካዶክሰስ ኑታንስ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ ደቡብ ምዕራብ ባለው ርጥብ ደን ውስጥ ነው፣ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይበቅላል፣ አበባውም ቀና አይልም፣ አንገቱን ይደፋል። ኑታንስ ማለትም ያው «የሚያጎነብስ» ነው። እሱን ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው፣ አንዱን ጊዜ ዝናብ ላይ ሆኜ ነው፣ ያም ሆኖ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

አትንኪው ያለሽ ልጅ ልክ ነው፣ ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው ይንገርሽ፣ ጣቴ ደከመ።

የፍየል_እረኛ | ሚያዝያ 15

ለምኑን እኔ ልንገርሽ። መርዝ ነው።

ልጅ ሆኜ ፍየል እጠብቅ ነበር። ፍየል ማለት እሾህ የምትበላ፣ ካርቶን የምትበላ ፍጥረት ነች፣ ይህን አበባ ግን አታየውም። አጠገቡ ያለውን ሣር ነጭታ እሱን ትታው ታልፋለች። አንድ ዓመት ግን ዝናቡ ዘግይቶ ሣር ጠፍቶ ነበር፣ ጎረቤታችን ደግሞ አዲስ መሬት ሲያርስ ሽንኩርቶቹ ተገልብጠው ላዩ ላይ ተበትነዋል። አንዷ ፍየላችን ከዚያ ላይ በላች። ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር፣ ሆዷ ተነፋ፣ አስቀመጣት፣ በማግስቱ ሞተች። አባቴ ለኔ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

እኛ ጋ የጅብ ሽንኩርት ነው የሚባለው።

የጫካ_ዘበኛ | ሚያዝያ 15

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። የጅብ ሽንኩርት የሚባለው አንድ ተክል አይደለም። በየአካባቢው ከመሬት በታች ሽንኩርት የመሰለ ራስ ያለው የማይበላ ነገር ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል፣ ነጭ የሚያብበውም፣ ቀዩም። «የጅብ» ከተባለ መልእክቱ ያው «ይመስላል እንጂ አይደለም» ነው፣ የጅብ ጥላ እንደምንለው። ስለዚህ አንድ ሰው የጅብ ሽንኩርት ለእንዲህ ዓይነት በሽታ መድኃኒት ነው ቢልሽ የትኛውን እንደሆነ አታውቂም፣ እሱም ላያውቅ ይችላል። ይህኛው ሊኮሪን የሚባል መርዝና መሰሎቹ አሉበት፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ መጠኑ ከበዛ ይገድላል። አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ዓሣ ለማደንዘዝና ቀስት ለመመረዝ ተጠቅመውበታል። መንካት አይገድልም፣ መብላት ነው። ልጅና ውሻ ያለበት ቤት ይጠንቀቅ።

አልማዝ_ቀለበት | ሚያዝያ 16

ጋሼ አንድ ጥያቄ ልጨምርዎት። እንሶስላም ጫካ ውስጥ ጥላ ላይ ነው የሚበቅለው፣ ሴቶቹ ሥሩን ቆፍረው ነው የሚያወጡት። ቆፍሮ መሳሳት አይኖርም?

የጫካ_ዘበኛ | ሚያዝያ 16

ለሚያውቀው አይኖርም። እንሶስላ አገዳዋ ውሃ የሞላው ነው፣ በጣትሽ ትሰብሪዋለሽ፣ አበባዋ ነጭ ሆኖ ውስጧ ወይን ጠጅ ነው፣ የምታብበውም ክረምት ላይ ነው። ደጋማ ቦታ፣ ምንጭ ዳር፣ ርጥበት ያለበት ጥላ ትወዳለች። ሥሯ ሲቆረጥ አንድ ወጥ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ አይደለም። ድርብርብ ካየሽ ጣዪው። ደግሞ እንሶስላ እጅና እግር ለማቅላት ነው እንጂ ማን ይበላታል።

ባህረ_ሐሳብ | ሚያዝያ 17

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ይህ አበባ እውነተኛው የጸደይ አበባ ነው፣ አደይ አይደለችም።

አትሳቁ። በድሮው የቀን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ጸደይ ማለት እንግዲህ የበልግ ዝናብ ወራት ነው፣ ዛጎል ጫካ የገባችበት ጊዜ። ትምህርት ቤት ግን «ጸደይ አበባ የሚያብብበት ወቅት» ብለው ስላስተማሩን ሁሉም ሰው መስከረም ላይ ለጥፎታል። አደይ እንቁጣጣሽ ላይ ስታብብ ገና ክረምት አልወጣም እኮ፣ በአቆጣጠሩ ሃያ አምስት ቀን ይቀረዋል።

ቀበሮ_ሜዳ | ሚያዝያ 17

አንተ ሰው ሠርግ ላይም እንዲህ ነህ?

ባህረ_ሐሳብ | ሚያዝያ 17

ሠርግ ላይ አይጠሩኝም።

የፍየል_እረኛ | ሚያዝያ 17

ሃሃሃ። ግን ልክ ነው ያለው። ደግሞ ሁለቱ አበቦች ጭራሽ አይገናኙም። አደይ ፀሐይ ነው የምትፈልገው፣ ሜዳ ላይ፣ ማሳ ዳር፣ መንገድ ዳር፣ በሺህ የሚቆጠር ሆና ተራራውን ታለብሳለች፣ ዘሯን ጥላ ትሞታለች፣ በዓመቱ ከዘሩ እንደገና። ይህኛው ደግሞ ተደብቆ፣ ጥላ ውስጥ፣ ያው አንዱ ሽንኩርት ዓመት ከዓመት እዚያው ቦታ ላይ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው አንድ ቋጥኝ ሥር ያለ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሄጄ ነበር፣ አሁንም አለ። ራሱ ነው ወይስ ልጁ አላውቅም።

ሸክላ_ማሰሮ | ሚያዝያ 18

ዘግይቼ መጣሁ ግን በረንዳ የሚለውን ማንም አልመለሰላትም። እኔ አዲስ አበባ አለኝ፣ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፣ ከችግኝ ጣቢያ ነው የገዛሁት።

ዛጎል፣ ከጫካ አትንቀዪው። ስነ ምግባር ልሰብክሽ አይደለም (እሱም አለ፣ አጠገብሽ ያለው ነጭ ሳር ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው)። ዋናው ነገር አይሠራም። አበባ ላይ እያለ ስትነቅዪው ሥሩ ይቆረጣል፣ ይህ ተክል ደግሞ ሥሩን ሲነኩት ያኮርፋል። ሁለት ሦስት ዓመት ቅጠል ብቻ እያወጣ ይቀጣሻል፣ ወይም ዝም ብሎ ይበሰብሳል። የመጀመሪያውን የገደልኩት እኔ ራሴ እንዲህ ነው፣ ከማሰሮ ወደ ትልቅ ማሰሮ አዛውሬ፣ ደስ እንዲለው ብዬ።

የሚሻለው ዘር ነው። አበባው ካለፈ በኋላ አረንጓዴ ፍሬዎች ይይዛል፣ ቀስ ብለው ብርቱካናማ ቀይ ይሆናሉ፣ ወራት ይፈጃል። ሥጋውን አጥበሽ አውጪ፣ ጓንት አድርጊ። ዘሩን አታድርቂ፣ እንደ ባቄላ የሚቀመጥ ዘር አይደለም፣ ከደረቀ ሞተ። ትኩሱን አፈር ላይ አስቀምጪው፣ አትቅበሪው፣ ግማሹ ይታይ። ይበቅላል። ከዚያ ለአበባ ሦስት አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት መጠበቅ ነው። አዎ፣ አምስት። ትዕግሥት ከሌለሽ ጌራኒየም ግዢ።

አፈሩን በተመለከተ ውሃ የማይቋጥር ይሁን፣ ብስባሽና የወንዝ አሸዋ ቀላቅዪ። የሽንኩርቱ አንገት ከአፈር በላይ ይቅር። የቀትር ፀሐይ አያግኘው፣ ቅጠሉ ይቃጠላል። በጋ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ አቁሚ፣ ማሰሮውን ከነአፈሩ ጥግ አስቀምጪው፣ እርሺው። በጣም ከባዱ ሥራ ይህ ነው፣ ባዶ አፈር የሞላ ማሰሮ ሦስት ወር አስቀምጦ አለማጠጣት። ባለቤቴ ሁለቴ ሞቷል ብላ ልትደፋው ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ ማጠጣት ስትጀምሪ ከታች ነብር የመሰለ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ኳስ ነው። ኳሱ አስር ቀን ቢቆይ ነው። ለአስር ቀን ብዬ ነው ዓመቱን የምጠብቀው፣ ባለቤቴ ይህንንም አልተረዳችልኝም።

አዲስ አበባ ማታ ስለሚበርድ ከቆላ አንድ ወር ያህል ይዘገይብኛል። የኔው ገና ነው።

ዛጎል | ሚያዝያ 18

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ነቅዬ አለማምጣቴ ጥሩ ሆነ ማለት ነው። ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት፣ «አላልኩሽም?» ይለኛል፣ ምንም ሳያውቅ።

ዛጎል | መስከረም 23

ይህ ጥያቄ ከተዘጋ ቆየ ግን ወሬ አለኝ።

ለመስቀል ወረድኩ። ጋሞ አገር መስቀል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሦስት ቀን ከቤት መውጣት አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን ወደ ወንዙ ሄድኩ። አጎቴ ሙዙን ወደ ጫካው ገፋ አድርጎታል፣ ሁለት ረድፍ ብቻ ነው የጨመረው፣ ግን እነዚያ ሁለት ረድፎች አምስቱ የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው። አልተቆጣሁም፣ መሬቱ የሱ ነው፣ ደግሞ ለሱ አረም ነው። ግን ቅር አለኝ።

ኩይሳው ሥር ያሉት ሁለቱ እንዳሉ ናቸው። ጋሼ እንዳሉት ያው ተክል አይመስልም፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ትልልቅ ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ሰምበር። ፍሬ ይዘዋል፣ ብርቱካናማ። ቁጥቋጦው ውስጥ ካሉት አራቱን አገኘሁ።

ከታረሰው ላይ ደግሞ ሦስት ሽንኩርት ተገልብጦ አገኘሁ። አንዱ በዶማ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሁለቱ ደህና ናቸው፣ አንደኛው ላይ ቅጠሉ ራሱ አልጠወለገም። ደህናዎቹን አንዱን ወንዙን ተሻግሬ ሌላ ኩይሳ ሥር ቀበርኩት፣ አንዱን አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። የተነቀለ ስለሆነ ነው፣ እኔ አልነቀልኩትም። ሸክላ፣ ቅጠሉን ልቁረጠው ወይስ ልተወው? ውሃስ?

ሸክላ_ማሰሮ | መስከረም 23

አትቁረጪ! የዘንድሮን ስንቅ የሚያከማቸው በሱ ነው። በራሱ ይርገፍ። ውሃ ትንሽ ትንሽ፣ ኅዳር ላይ አቁሚ። ለመጪው ሚያዝያ አበባ አትጠብቂ።

የጫካ_ዘበኛ | መስከረም 24

ወንዝ ማዶ የቀበርሽውን ቦታውን ምልክት አድርገሽበታል? በጋ ላይ ምንም አይታይም፣ አጎትሽ ሦስተኛ ረድፍ ካሰበ አስቀድመሽ ንገሪው።

ዛጎል | መስከረም 24

ኩይሳው ላይ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጫለሁ፣ ለአጎቴ ልጅም አሳይቼዋለሁ። የበረንዳውን ደግሞ ከፍ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ ድመት አለችኝ።

ባህረ_ሐሳብ | መስከረም 24

ነገ ክረምት ያበቃል፣ ለማስታወስ ያህል።